ከጠላት ደጅ የተላከ ወተት

ጅቡቲ፣ የካቲት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለወይዘሮ ሰገነት
ባሕር ዳር

እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የዚህ አገር ሙቀት ብቻ ነው ሰው የሚፈትነው። ይህን ሁሉ ወር ዝም ማለቴ ከመርሳት እንዳይመስልዎ። በፖስታ ብልክ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን አጎቴ ሙሀመድየሱፍ ከወረታ ምስር እየጫነ ድሬዳዋ መመላለስ ስለ ጀመረ በእሱ እጅ ይደርስዎታል። መልስዎም በእሱ በኩል ይምጣልኝ።

«ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠራለች?» ብለው አባቴን ጠይቀውት ነበር አሉ። ባለፈው ወር የቀጠናችን ስድስት መንግሥታት እዚህ ተሰብስበው ድርቅን በጋራ የሚከላከል ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ለስብሰባው በጊዜያዊነት ቀጥረውኝ ነበር፤ ኋላ አስቀሩኝ። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ወረቀት እመልሳለሁ።

በመክፈቻው ቀን የእኛና የሶማሊያ መሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያ መገናኘታቸው ነው። ሲጨባበጡ አየሁ ብል ዋሸሁ፤ የሰው ትከሻ ከለለኝ። አዳራሹ ግን ጸጥ ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። «ጠላት ከጠላቱ ጋር ስለ ድንበር እንዲነጋገር አትጠብቁ። ስለ ውኃ፣ ስለ አንበጣ፣ ስለ ከብት በሽታ እንዲነጋገር አድርጉት፤ የድንበሩ ወሬ ኋላ ይመጣል» ይሉን አልነበር? እኛ ደግሞ ከፈተና ስለማይመጣ አንጽፈውም ነበር። ዛሬ እንጀራ የምበላው በእሱ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሆዳን የምትባል የሐርጌሳ ልጅ ናት፤ በሶማሊያ በኩል የሚመጣውን ጽሑፍ የምትሠራው እሷ ናት። ጠዋት ጤና ይስጥልኝ እንባባላለን፤ ከዚያ እስከ ማታ ዝም።

ስለ አምባቸው አልጠየቅሁዎትም። ልጅዎ በ1970 ከጅጅጋ ግንባር ከጠፋ ወዲህ «ሞተ» የሚልም «ተማረከ» የሚልም ቃል እንዳልመጣልዎ አውቃለሁ። ያልጠየቅሁት ቁስል መንካት ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ተማሪዎ ሐሊማ ሙሀመድአወል



ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ሐሊማ፣

እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽን አጎትሽ ከምስር ጆንያ መሐል ጎትቶ አወጣልኝ። ወረቀቱ እስካሁን ምስር ምስር ይሸታል፤ እኔም ደስ ስላለኝ አላራገፍሁትም። ጉልበቴ እንደ ፈቀደው ነው፤ ሲሻው ያዘልቀኛል፣ ሲሻው ከደጅ ይመልሰኛል።

«ያንን ትምህርት አሁንም ያስተምራሉ ወይ?» ብለሽ በአጎትሽ ቃል ላስጠየቅሽኝ፣ አላስተምርም። አሁን የምሠራው ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከወሬኛ ከምትሰሚው የሆነውን ልንገርሽ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ እኛም ሶማሊያም ሶሻሊስት ነን እንል ነበር፤ ታዲያ ለምን ተዋጋን?» አለኝ። መጽሐፉ መልስ የለውም። ስለዚህ ሊበራሊዝም የሚባለው የዓለም አቀፍ ግንኙነት አስተሳሰብ ምን እንደሚል ነገርኋቸው። አገሮች ከተገበያዩ፣ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው መካሰስ ከለመዱ፣ ጦርነት ኪሳራው ይታያቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን ወደ ግንባር የሚልከው ሕዝብ «አይሆንም» ማለት በሚችልበት አገር ጦርነት እንደ ዋዛ አይታወጅም አልኋቸው።

የፖለቲካ ኃላፊው በማግሥቱ አስጠራኝ።

«ጓድ ሰገነት፣ ይህ የቡርዧ ቅዠት ነው።»

«ይሁን» አልሁት፤ «ቅዠትም ከሆነ ተማሪ አውቆት ይናቀው።»

«ሕዝብ አይሆንም ይበል ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንደ ተሰማዎት ነው» አልሁት። ጥፋቴ ከተባለ ይቺ ናት።

አትዘኝልኝ። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮቱ ወደ ጣና ነው። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ሲመጡ አያለሁ። ደግሞ ያ ተማሪ ሰው ሲበተን ጠብቆ ይመጣና «የዚያን ቀኑን አልጨረሱልኝም» ይለኛል። ለአንድ ሰውም ቢሆን ትምህርት ትምህርት ነው።

ስለ አምባቸው ያልጠየቅሽኝን እኔም አልመልስም። ማታ በሩን ከውስጥ አልቀረቅረውም፤ ይኸን ያህል ብቻ እወቂ።

ያቺ ሶማሊት ዝም ካለች ቀድመሽ አናግሪያት። አንቺ የነጋዴ ልጅ ነሽ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰገነት



ጅቡቲ፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣

ለገና የላኩልኝ በሶ ደርሶኛል፤ እዚህ ያሉ የአገር ልጆች ተሻምተው ጨረሱት። ጌታ ጤናዎን ያብዛልኝ።

«አናገርሻት ወይስ ፈራሽ?» ላሉኝ፣ በመጨረሻ ያናገረን አንበጣ ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ በድንበሩ ግራና ቀኝ መንጋው ተነሣ። የእኛ መንግሥት የሚልከው ወሬ ድንበር ላይ ይቆማል፤ የእነሱም ድንበር ላይ ይቆማል። ሁለቱ ካልተገጠሙ መንጋው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ሆዳን ካርታውን ተሸክማ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ከዚህ ወዲያ የእናንተ ነው፤ እኔ አላውቀውም» አለችኝ።

«ከዚህ ወዲህ ደግሞ የእናንተ ነው፤ እኔም አላውቀውም» አልኋት።

«አንበጣው ግን ያውቀዋል» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ አብረን እንሠራለን፣ ምሳም አብረን እንበላለን። አንድ ቀን፣ «ለምንድን ነው ዓመት ሙሉ ያኮረፍሽኝ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ወንድሜ እናንተ ዘንድ ነው» አለችኝ። «በጦርነቱ ጊዜ ተማርኮ።»

«በሕይወት አለ?»

«አናውቅም። እናቴ ግን ለሞተ ሰው የሚደረገውን አላደረገችለትም።»

እትዬ፣ ይህን ስትለኝ አፌ አመለጠኝ፤ የአምባቸውን ነገር ነገርኋት። ምስጢርዎን ያለ ፈቃድዎ ለባዕድ በማውራቴ ይቅርታ እለምናለሁ። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። እናቷ ወይዘሮ ፋዱማ እዚያው ሐርጌሳ የኢትዮጵያ ምርኮኞች ካሉበት እስር ቤት በር ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች። ዘበኞቹ ያውቋታል። ሆዳን «እጠይቃለሁ» አላለችም፤ አስደግማኝ ሄደች፣ ይኸው ነው። ተስፋ ብዬ አልልክልዎም። የሆነውን ግን ልደብቅዎ አልቻልሁም።

ሐሊማ



አንበሳሜ፣ ሰኔ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ሐሊማ፣

አድራሻዬ መለወጡን አይተሽ አትደንግጪ። አንበሳሜ ጥሩ አገር ነው። ባልቴቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ፤ «ሀ» ብዬ ሳልጨርስ ምጥ የያዛት ላም አለች ብለው ጥለውኝ ይሄዳሉ።

ስለ ሰልፉ የሰማሽው ግማሹ እውነት ነው። በየካቲት ድንበር ላይ እንደገና ሲታኮሱ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የጀግና እናቶች የሚናገሩበት ሰልፍ ተጠራ። የምናገረውን ጽፈው ሰጡኝ። ጠላትን እንድረግም ነበር። ድምፅ ማጉያው ፊት ቆምሁና ያልሁት ይህ ነው፤ «ልጄ ሞቷል ያለኝ የለም። በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬ ምሳውን የሚሰጡት እነዚህ እርገሚያቸው የምትሉኝ ሰዎች ናቸው። ልጄን የሚያጎርሰውን እጅ አልረግምም።» ድምፅ ማጉያውን ዘጉት እንጂ ማንም አልመታኝም፤ እሱ ውሸት ነው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱም ቀረ፣ ወደዚህ አዛወሩኝ።

ሆዳን ከተኩሱ በኋላ ጠረጴዛዋን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወሯ እንዳስለቀሰሽ ጽፈሻል። «አሁንም ያምናሉ ወይ?» ብለሽም ጠይቀሽኛል። የተቆጣሽ ትመስያለሽ፤ መቆጣትሽ ደግ ነው።

አዎን፣ አምናለሁ። ያ አስተሳሰብ ሰው መልአክ ነው አይልም። ስብሰባ የተጠራ ዕለት ጠመንጃ ይቃጠላል አይልም። «የሚናገረው ኃይል ብቻ ነው» የሚሉት ሰዎች ሲሳሳቱ የሚጠይቃቸው የለም፤ እኛ ግን አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እንጠየቃለን። እዚህ አባ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌ አሉ። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ገበያ ላይ በሰው በኩል እህልና ጨው ይለዋወጣሉ፤ ሽምግልናው የሚጀመረውም ከዚያ ነው። «አባ፣ ያስታረቋቸው ሰዎች እርቁን አፍርሰው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ስንቴ!»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

ጥያቄዬ ገረማቸው። «እንደገና እንቀመጣለና!»

የሆዳንን በር አንኳኪ። ካልከፈተችልሽ ነገም አንኳኪ።

ሰገነት



ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ራዲዮኑን ሰምተዋል። ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመዋል፤ ጦር ሊያርቁ፣ ምርኮኛ ሊለዋወጡ። ያ ሁሉ የድርቅ ስብሰባ፣ እኛ የተረጎምነው አሰልቺ ወረቀት ሁሉ! በየስብሰባው ጥግ ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሚኒስትሮች ለካ ይኸን ሲፈትሉ ኖረዋል።

ሆዳን መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እትዬ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

አምባቸው በሕይወት አለ።

ወይዘሮ ፋዱማ ያን ጊዜውኑ ዘበኛውን ጠይቃው ነበር። «ከሐይቅ ዳር የመጣ አምባቸው የሚባል አለ» አላት። እናቲቱ ከዚያ ቀን ጀምራ ከምትሸጠው ወተት እየቀነሰች ለእሱ ታስገባለታለች። በአምናው የካቲት ተኩስ ጊዜ እንኳ፣ እኔና ሆዳን በተኳረፍንበት ወር፣ አላቋረጠችም። ጎረቤቶቿ «ለጠላት!» ብለው ቢሰድቧት፣ «እዚያ ላለው ልጄ የሚሰጥ እጅ አላህ እንዲያዝለት ነው» አለቻቸው አሉ። ሆዳን እስካሁን ያልነገረችኝ ቃሉ ሾልኮ ዘበኛውን እንዳያስገድል ነው።

አሁን ለልውውጡ ወደ ዋና ከተማቸው ወስደዋቸዋል። ስለ ጤናው መጠየቅዎ አይቀርም። እሱን ራሱ ይንገርዎ፤ እኔ ብዙም አላውቅ።

እትዬ፣ በቤተ መጻሕፍትም፣ በአንበሳሜም፣ ድምፅ ማጉያ ሲዘጋብዎም አንድ ቀን አልተለወጡም። ስለ እርስዎ ለሆዳን ሳወራ፣ «እንዲህ ያለች አስተማሪ ብትኖረኝ እኔም በሩን ቶሎ እከፍት ነበር» አለችኝ።

ሐሊማ



ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 15 ቀን 1981 ዓ.ም.

ልጄ ሐሊማ፣

መጣ።

እንዴት እንደ ተገናኘን ጠይቀሽኛል። እንዲህ ነው ብዬ የምጽፈው የለኝም። ልጄን እንድቀበል ከአንበሳሜ ለቀውኝ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ እልልታ በእልልታ ሆነ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሄዶ ጸጉሩ ሳስቶ መጣ። ያስላል። አንቺ «አላውቅም» ያልሽውን እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ሰማሁት። ስለ ደበቅሽኝ አመሰግናለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ አልችለውም ነበር። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒቱን ካላቋረጠ ይድናል አለ። ሰውነቱን እንዲያፍታታ ወንዛዬ ፍልውኃ ወስጄው ነበር። ገበሬዎቹ ማን እንደ ሆነ ሲሰሙ ቦታ ለቀቁለት።

እኔ ደስታዬን በትምህርቴ ልተረጉምለት ስሞክር ሳቀብኝ። «እማዬ፣ የተፈራረሙት እኛን ወደው መሰለሽ? እዚያ ያለውን ጦር ወደ ሰሜን ለማዞር ነው። ከእኔ ጋር የተፈታ ሰው ዛሬ እንደገና ጠመንጃ ይዟል።» እውነቱን ነው፤ የሰፈራችንን ልጆች እየጫኑ ሲወስዷቸው በዓይኔ አያለሁ። «ልጄ፣ ለክፉ ምክንያትም ቢሆን የተከፈተ በር ሰው ያስወጣል» አልሁት። «አንተን አስወጥቷል።»

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄሽ ልምጣ። በግንቦት መጨረሻ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን መደብደቧን፣ የሆዳን እናት ከዚያ ወዲህ መጥፋቷን ጽፈሽልኛል። «ሰላም ተፈራርመው የለም እንዴ? ይህ እንዴት ይሆናል?» ብለሻል። ተፈራርመዋል ልጄ። ከጎረቤት ጋር ነው የተፈራረሙት። ለሕዝቡ የማይጠየቅ መንግሥት ከጎረቤቱ ጋር ቢታረቅ እሳቱን ወደ ቤቱ ያዞረዋል። ከክፍል ያስወጣችኝ ዓረፍተ ነገር ይቺው ነበረች። እውነት በመሆኗ ግን እንደዚህ አዝኜ አላውቅም።

ደብዳቤሽን ለአምባቸው አነበብሁለት። «የወተቷ ሴትዮ?» አለና ተነሣ። ከሐርጌሳ የሸሸው ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ከጅጅጋ ወዲያ ሐርትሼክ ሰፍሯል ይባላል። አብረን እንሄዳለን።

ሰገነት



ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

እትዬ፣

በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይሂዱ። በዚያ ሜዳ ላይ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ነው የፈሰሰው አሉ። እርስዎ ጉልበትዎ ደካማ፣ እሱ ደረቱ ያልጠና። ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ ነው የተማረከው፤ እንዴት ብሎ ይመለስበታል?

ሆዳን ይህን አታውቅም። ከተለዋወጡት ምርኮኞች ጋር ወንድሟ ዋና ከተማቸው ገብቷል፤ ግን ወደ ሐርጌሳ የሚሄድበት ቤት የለም። እሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ምሳ ግን አትበላም። ጠረጴዛዋን መልሳ ከጎኔ አድርጋዋለች። «ምን ላድርግልሽ?» ስላት፣ «ዝም ብለሽ እዚሁ ተቀመጪ» ትለኛለች።

«የእናቲቱን መልክ ጻፊልኝ» ብለው በአጎቴ ላስላኩብኝ፦ ቁመቷ ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቧ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ይኸው ጻፍሁት። እንዳይሄዱ እየለመንሁ መንገድ የማሳይዎ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ሐሊማ



ጅጅጋ፣ ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ሐሊማ፣

ከሰላምታ በፊት፣ ፋዱማ በሕይወት አለች። ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሚና ሄደሽ ለሆዳን ንገሪያት። ሌላውን ኋላ ታነቢዋለሽ።

ነገርሻት? አሁን እንግዲህ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። ለይለፉ ቀበሌው አንድ ወር አመላለሰን፤ መጨረሻ ላይ የፈረመልኝ ያ «አልጨረሱልኝም» ይለኝ የነበረው ተማሪ ሆኖ አገኘሁት፤ ትልቅ ሰው ሆኗል። አጎትሽ እስከ ድሬዳዋ በመኪናው ወሰደን። ከጅጅጋ ወዲያ አምባቸው ከመስኮቱ ፊቱን አዞረ። «እንመለስ ወይ?» ስለው በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ።

ሐርትሼክ ዛፍ የለበትም። ዓይን እስኪደክም ከቅርንጫፍና ከጨርቅ የተሠራ ጎጆ ነው። እኔ በዚያ ሕዝብ መሐል አፍ የሌለኝ ሆንሁ። አምባቸው ግን ሶማልኛ ይናገራል። አሥር ዓመት ከዘበኛና ከእስር ጓደኛ የለመደውን፣ እኔ አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን ቋንቋ፣ ልጄ እንደ አፍ መፍቻው ሲናገር ሰማሁት። ሰዉ መጀመሪያ ተጠራጠረው። «ወተት ሻጯን ፋዱማን ነው የምፈልገው» ሲላቸው «ምንህ ናት?» አሉት። ትንሽ አሰበና፣ «ያጠጣችኝ ናት» አላቸው። ከዚያ እጁን ይዘው ወሰዱት።

ውኃ ከሚታደልበት ወረፋ ላይ አገኘናት። ረጅም ናት፣ ጠባሳውም አለ። አምባቸው ከፊቷ ቆሞ ስሙን ነገራት። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም፤ ወተቱን ስታቀብል ከግንቡ ወዲያ ሲያስል ብቻ ትሰማው ነበር። ስሙን ሰምታ አላመነችም፤ ሳሉ ሲመጣበት ግን፣ «ያ የሚያስለው ልጅ!» ብላ ባልዲዋን ጣለች። የሁለቱንም ልጆቿን ወሬ ነገራት፤ ሆዳን ከሥራዋ መሆኗን፣ ወንድየው መፈታቱን። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ጉልበቴን እንደ ምንም አጥፌ ከጎኗ ተቀመጥሁ። እጄን ያዘችው።

ያመጣነውን ብርድ ልብስና በሶ ለጎረቤቶቿ ከፍላ ጨረሰችው። ብትመጪ ባሕር ዳር ቤቴ ቤትሽ ነው ብላት እንቢ አለችኝ። ልጇ በዚህ በኩል ይፈልጋታልና ከዚህ አትነቃነቅም። ስለዚህ ለሆዳን ንገሪያት፤ በድሬዳዋ ባቡር ትምጣ፣ አጎትሽ ከጣቢያው ይቀበላታል፣ አምባቸው ሐርትሼክ ያደርሳታል። ከሁለቱም ጋር ጨርሼዋለሁ።

ልንነሣ ስንል ፋዱማ አምባቸውን ስለ እኔ ጠየቀችው። ሥራዬን መጠየቋ ነበር።

«አስተማሪ ናት» አላት።

«ምን ታስተምራለች?»

ወደ እኔ ዞረና «ምን ልበላት?» አለኝ። በዚያ ሜዳ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጎጆ መሐል መናገሩን አፈርሁ፤ ግን ሌላ ሥራ የለኝም። «አገሮች ሳይዋጉ እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው በላት» አልሁት።

ተረጎመላት። ፋዱማ ዙሪያዋን ቀስ ብላ አየች፤ ጎጆዎቹን፣ የውኃውን ወረፋ፣ የመጣንበትን መንገድ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ልጄም እኔን ሳያማክር መለሰላት፤ እሷም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

መኪናው ከተነሣ በኋላ፣ «ምን ነበር ያለችህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«‹አስተምራ ጨረሰች ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልኻት?»

«‹ገና ናት› አልኋት።»

ሰገነት